ሐሙስ በድምፅ ተናገሪ

ውድ እህቴ ኑንዚያ፣

ጤናሽን አልጠይቅሽም፤ ስለ ጤናሽ ሲጠይቁሽ የከረሙት ይበቁሻል። እኔም ደህና ነኝ ብዬ አልዋሽሽም። እንቅልፍ ካጣሁ ሰነባብቻለሁ፣ እህልም አልወርድ ብሎኛል። ይህንን የምጽፍልሽ ከኮረብታው ግርጌ፣ አንቺ ያለሽበትን ቤት ልብስ ከምታጥበው ከዴልፊና ዘንድ፣ የምትተኩስበት ጠረጴዛ ጥግ ላይ ተጠግቼ ነው። ነገ ጠዋት የሌሊት ልብስሽን አጥባ ስታመጣልሽ ደብዳቤውን እጅጌው ውስጥ ተጣጥፎ ታገኚዋለሽ። አንብቢውና ደብቂው። ሐሙስ ጠዋት የሚጠብቅሽን ነገር እኔ በመስኮት ከጀመርኩልሽ በቀር ማንም አፍረጥርጦ እንዳልነገረሽ ስለማውቅ ነው የምጽፈው።

የምታውቂውን ነገር ደግሜ ብነግርሽ አትቆጪኝ። ሐኪሙ እህትህ ማን እንደሆነች ጠፍቶባታል ብሎኛል። አላመንኩትም። ግን ሰው ብቻውን ሲዘጋበት ምን እንደሚሆን እኔ ምን አውቃለሁ፤ ጠፍቶብሽ እንደሆነ ከመጀመሪያው ላስታውስሽ። ደግሞም ወረቀቱ በሌላ ሰው እጅ ከወደቀ፣ ያም ሰው ማን እንደነበርሽ አንብቦ ይወቅ።

ጆሮዬ የጠፋው በአራት ዓመቴ ነው። ትኩሳቱ የከተማችንን የቶሬን ሕፃናት ሲፈጅ ከእኔ ጆሮዬን ወስዶ ነፍሴን ተወልኝ። አንቺ ያኔ አስር ዓመትሽ ነበር። እናታችን ለቅዱሳን ሁሉ ሻማ ስታበራ፣ ጎረቤቱ እየመጣ ጆሮዬ ሥር ሲጮህ፣ አንቺ ፊቴን በሁለት እጅሽ ይዘሽ ወደ አፍሽ አዞርሽው። ሰው ሲጮህ አፉ እንደሚጣመም፣ የተጣመመ አፍ ደግሞ እንደማይነበብ ከዚያ ሰፈር ሁሉ የገባሽ አንቺ ብቻ ነሽ። ሌላው እስከ ዛሬ ይጮህብኛል። አንቺ ድምፁን ጨርሶ ተውሽውና በከንፈርሽ ብቻ፣ ቀስ ብለሽ፣ ቃሉን አንድ በአንድ እያስቀመጥሽ ታወሪኝ ጀመር። ለእናታችን በድምፅ፣ ለእኔ ያለ ድምፅ። እኔም መናገር ያልረሳሁት አንቺን ለመመለስ ስል ነው።

ቤተ ክርስቲያን ውስጥ እኔ ከአባታችን ጋር በወንዶቹ በኩል፣ አንቺ ከእናታችን ጋር በሴቶቹ በኩል ተቀምጠን፣ ካህኑ ስለ ሲኦል ሲሰብክ አንቺ ከወዲያ ማዶ ወሬሽን ትለቂብኛለሽ። ከፊትሽ የተቀመጠችው ሴትዮ ጫማዋን ግራና ቀኝ አዟዙራ አድርጋ መምጣቷን፣ ከጎኗ ያለችው ደግሞ እያንቀላፋች አሜን እንደምትል ትነግሪኛለሽ። እኔ ሳቄ ያመልጠኛል፤ አባታችን ጭኔን ይቆነጥጠኛል። ያ የተቆነጠጥኩት ጭን ነው በኋላ አንቺን ዲያና ሞንታልቶ የምትባል የፊልም ተዋናይ አድርጎ የወለደሽ ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

በአስራ ስምንት ዓመትሽ ኔፕልስ ውስጥ ያኔ ድምፅ ያልነበረውን ፊልም ከሚሠሩበት ግቢ ልብስ ሰፊ ሆነሽ ገባሽ። ቅዳሜ ቅዳሜ እናታችን የላከችልሽን ዳቦና በዘይት የተነከረ ሰርዲን ይዤ እመጣና ከብረቱ በር ውጭ እቆማለሁ። ግቢው ሰው በሰው ነው፤ ፈረስ አለ፣ የወረቀት ቤተ መንግሥት አለ፣ ወታደር የለበሰ አናጢ አለ። አንቺ መርፌሽን አፍሽ ውስጥ እንደያዝሽ ታዪኝና፣ መርፌውን ነቅለሽ ከዚያ ሁሉ ሕዝብ በላይ የሳምንቱን ወሬ ታወሪኛለሽ። አንድ ቀን ዳይሬክተሩ ዞር ሲል አየሽ። ተዋናዮቹ ዓይናቸውን ያጉረጠርጣሉ፣ ደረታቸውን ይደቃሉ፣ መጋረጃ ይዘው ይወድቃሉ፤ አንቺ ታወሪያለሽ። ሰውዬው ወደ ረዳቱ ዞሮ የተናገረውን ከበሩ ሆኜ አንብቤዋለሁ።

«ያቺን ልብስ ሰፊ አምጣልኝ። ከዚህ ቆሜ ያለችውን ሁሉ አየሁት።»

እንግዲህ ሥራሽ የተጀመረው ከእኔ ጋር ስታወሪ ነው። ስምሽን ሲቀይሩት እናታችን አገር ይያዝልኝ አለች። ኑንዚያታ ብላ ክርስትና ያስነሳቻት ልጅ ምን ጎድሏት ነው ዲያና የምትባለው እያለች ለመጣው ሁሉ አቤቱታ አሰማች። የመጀመሪያው ፊልምሽ ቶሬ ሲገባ ግን ከሁሉ ቀድማ የተሰለፈች እሷ ነበረች። ዶን ሳቬሪዮ፣ የሲኒማ ቤቱ ባለቤት፣ እጇን ስሞ ያለ ክፍያ አስገባት። ወጥታ ለአንድ ሳምንት ያህል ስትሞቺ ያየችውን ለዓሣ ሻጮቹ ስታስረዳ ከረመች።

ከዚያ በኋላ የመጡት ዓመታት የእኔ ደግ ዓመታት ናቸው፤ እየሳቅሁም እያለቀስኩም አስባቸዋለሁ። የቶሬ ደንቆሮዎች ሁሉ ከፊተኛው ወንበር እንቀመጥ ነበር። ቦታው ርካሽ ነው፣ አንገት ያሳምማል፣ ለእኛ ግን ከንፈር ቁልጭ ብሎ የሚታይበት እሱ ነው። የጫማ ሰፊው ልጅ ፓስካሊኖ ሁልጊዜ ከጎኔ ነው። አንቺ ያንን ታውቂ ነበር። ሸራው ላይ ኮንቱ የተባለው ባላባት እግርሽ ሥር ተንበርክኮ፣ ከታች «ያለ እርስዎ ሕይወቴ ባዶ ነው» የሚል ጽሑፍ ይመጣል፤ አንቺ ግን እንባሽ እየወረደ የምትይው ሌላ ነው፤ «ካታልዶ፣ ይህ ሰውዬ ነጭ ሽንኩርት በልቶ መጥቷል፤ የማለቅሰው ከእሱ ነው።» እኛ ፊት ለፊት ተቀምጠን ሆዳችንን ይዘን እንስቃለን። ዶን ሳቬሪዮ በባትሪ እየመጣ ያባርረናል። ሴትዮዋ እየሞተች ምን ያስቃችኋል፣ ልብ የላችሁም ወይ ይለናል። በደብዳቤ ከላክሽው ይልቅ በፊልም የላክሽው መልእክት ይቀድም ነበር። መርዝ ጠጥተሽ ስትወድቂ ለፋሲካ እመጣለሁ ትያለሽ፤ እኔ ሮጬ ለእናታችን እነግራታለሁ፤ እሷም አልጋሽን ታነጥፋለች። አንድም ቀን ቀርተሽ አታውቂም።

ከዚያ ኮሜንዳቶሬው አገባሽና ሮም ወሰደሽ። ሁሉ ሰው ስሙን ትቶ በማዕረጉ ኮሜንዳቶሬ ነው የሚለው፤ የፊልም ቤቱ ባለቤት ስለሆነ እናታችንም ፊት ለፊቱ ወንበር ላይ አልቀመጥም ብላ ቆማ ቀረች። ከሠርጉ በኋላ በመጡት ፊልሞች አፍሽ የሚለው ጽሑፉ የሚለውን ብቻ ሆነ። ፊተኛው ወንበር ላይ ተቀምጬ እጠብቃለሁ፤ ምንም የለም። ፓስካሊኖ እህትህ ኮርታለች አለኝና ለሁለት ወር ተኮራረፍን። ለፋሲካ ስትመጪ ጠየቅሁሽ። የደንቆሮዎቹን ሳቅ ሰው ለባልሽ ነግሮት፣ ከእንግዲህ ከንፈርሽ የኔ ነው እንዳለሽ ነገርሽኝ። ይህንን ስትነግሪኝ ትስቂ ነበር፤ እኔ ግን አላሳቀኝም።

ቀጥሎ ፊልም ድምፅ አወጣ። ሰዎች በደስታ ሰከሩ፤ እኛን ግን ከፊተኛው ወንበር ያስነሳን እሱ ነው። የሚያወሩት ተዋናዮች ጀርባቸውን ይሰጡናል፤ ድምፅ መያዣውን የት እንደደበቁት ስለሚያስቡ ፍቅራቸውን ለአበባ ማስቀመጫ ይነግሩታል። ፓስካሊኖ ወደ ቁማሩ፣ እኔ ወደ ዛጎል ቀረጻ ሥራዬ ተመለስን። ዛጎል ላይ የሴት ፊት ስቀርጽ አፉን ከሁሉ በኋላ ነው የምሠራው፤ አሠሪዬ ምነው የአንተ ሴቶች ሁሉ ሊያወሩ የደረሱ ይመስላሉ ይለኛል።

ካቻምና ወይን ሊለቀም ጥቂት ሲቀረው መጣሽ። ፊትሽን በዓይነ ርግብ ሸፍነሽ፣ ሻንጣ እንኳ ሳትይዢ። ማጀት ገብተሽ ባቄላ ከምትፈለፍለው እናታችን አጠገብ ተቀመጥሽና፣ በእሷ ጀርባ ወደ እኔ ዞረሽ ነገርሽኝ። ግድግዳው ሁሉ ብርድ ልብስ የተሰቀለበት ክፍል አስገብተው ንባብ አስነበቡሽ። ከዚያ ያንኑ ድምፅሽን ሰው በተሰበሰበበት መልሰው አሰሙ። መጀመሪያ የሳቀው ባልሽ ነበር። «የቶሬ ዓሣ ሻጭ ናት» አለ፤ ከዚያ ሁሉም ሳቁ። ይህንን ነገርሽኝና አንድ ጥያቄ ጠየቅሽኝ።

«ካታልዶ፣ ድምፄ ያስጠላል?»

ከዓለም ሰው መርጠሽ ደንቆሮ ጠየቅሽ። ግን ደግሞ ትክክል ነበርሽ። ሕፃን ሳለሁ ስትዘፍኚ እጄን ወስደሽ አንገትሽ ላይ ታደርጊው ነበር፤ ድምፅሽን የማውቀው በመዳፌ ነው። እንደ ያኔው እጄን አንገትሽ ላይ አደረግሁና ተናገሪ አልኩሽ። የሆነ ነገር አልሽ፣ ምን እንደሆነ አላየሁም፤ ዓይኔን ጨፍኜ ነበር። ሞቃት ነው አልኩሽ። ተንቀጥቅጦ እስከ ክርኔ ይደርሳል፣ እንዲህ ያለ ነገር ሊያስጠላ አይችልም አልኩሽ። ሳቅሽ። ከዚያ ለእናታችን በሹክሹክታ ደህና ሁኚ ብለሽ ሄድሽ። ዛሬ ሳስበው ድምፅሽን የያዝኩት የመጨረሻው ሰው እኔ ሳልሆን አልቀርም።

የመጨረሻው ፊልምሽ ቶሬ የደረሰው ዘንድሮ ከፋሲካ በኋላ ነው፤ ዶን ሳቬሪዮ የድምፅ መሣሪያውን የገዛው ገና በዚያ ሰሞን ነበርና። በሩ ላይ «ዲያና ሞንታልቶ በገዛ ድምፅዋ» የሚል ወረቀት ለጠፈ። እናታችን ከአልጋ ተነስታ ጥቁሯን ሻል ደረበች፤ የልጄን ድምፅ እሰማለሁ ብላ በእኔ ክንድ ተደግፋ መጣች። ከፊተኛው ወንበር አስቀመጥኳት፤ ፓስካሊኖም መጥቶ ነበር። ፊልሙ ከተጀመረ ብዙም ሳይቆይ አንቺ አፍሽን ከፈትሽ፣ እናታችን ክንዴን ጨምድዳ ያዘችኝ። ፊቷን ወደ እኔ አዞረች።

«ይህ የልጄ ድምፅ አይደለም» አለችኝ።

እውነቷን ነበር። አንቺ አፍሽን ስታንቀሳቅሺ ሌላ ሴት ከመጋረጃ ጀርባ ቆማ እያነበበች ነው የተሠራው። ሕዝቡ ግን አላወቀም። ቀጥሎ የሞትሽበት ቦታ ደረሰ፤ ነጩ አልጋ፣ ሻማው፣ ተንበርካኪው ኮንት። ወደ እሱ መዞር ሲገባሽ ወደ እኛ ዞርሽ። ሰው ሁሉ የሰማውን እናታችን በኋላ ነገረችኝ፤ «ይቅር ብዬሃለሁ፣ ፍቅሬ፤ ደስ ብሎኝ እሄዳለሁ» የሚል ነው። እኔና ፓስካሊኖ ያየነው ይህን ነው፤

«ካታልዶ፣ አልታመምኩም። አብዳለች ብሎ ሊዘጋብኝ ነው። ወይን ያለበት ኮረብታ ላይ፣ መነኮሳቱ ቤት። ና ውሰደኝ።»

ከኋላችን ያሉት አፏና ድምፁ አይገጥምም፣ ዶን ሳቬሪዮ የተበላሸ መሣሪያ ሸጡለት እያሉ ይስቁ ነበር። ፓስካሊኖ እጄን ያዘኝ። ያላየሁ መስሎኝ በማግስቱ ደግሜ ገባሁ፤ አሁንም ያንኑ አልሽ። ኑንዚያ፣ ያንን ቃል የተናገርሽው ካቻምና ወይን ሲለቀም ነው። እኔ ዛጎሌን እየፋቅሁ፣ እናታችን በጋዜጣ ላይ «ዲያና ሞንታልቶ ዕረፍት ላይ ናት» የሚለውን እያስነበበች ስትመርቅሽ፣ አንቺ ከከተማ ከተማ እየዞርሽ፣ በየሲኒማ ቤቱ ና ስትይኝ ከርመሽ ኖሯል። በሚላን ብለሽዋል፣ በፓሌርሞ ብለሽዋል። ይህንን ሳስብ ራሴን ከግድግዳ ጋር ማጋጨት ያምረኛል።

ወደ ሮም መጥቼ መጀመሪያ የሄድኩት ባልሽ ዘንድ ነው። በሩን የከፈተችልኝ ወይዘሮ ማን እንደሆንኩ ስታውቅ ፊቷ ቀላ፤ እኔ ያበደርኳት ድምፅ ብቻ ነው፣ አልተቀየመችኝም አይደል አለችኝ። ቤትሽ ውስጥ፣ በነጠላ ጫማሽ ቆማ። አልፌያት ገባሁ። ኮሜንዳቶሬው ግን አክብሮ ወንበር ሰጠኝ፣ ወይን ቀዳልኝ፣ ሲያወራም እንዳነበው ፊቱን ወደ ብርሃኑ አዞረልኝ። ለዚህ ነው ከሁሉ በላይ የምጠላው።

«እንግዳ ፊት፣ ገበታ ላይ፣ አገልጋይ ፊት አፏን ታንቀሳቅሳለች፤ ድምፅ ግን የለም። አንተ ብትሆን ምን ታደርግ ነበር?»

«አነብላት ነበር» አልኩት።

እንዲህ ስል ከጎረቤት ክፍል ያቺ ሴት ደንግጣ ብቅ አለች። የእኔ ድምፅ ምን እንደሚመስል ታውቂያለሽ፤ እኔ አላውቀውም፣ ግን የሰው ፊት ሲጨማደድ አያለሁ። ባልሽ ወይኑን ጠጣና የመጠየቂያ ፈቃድ እንደማይሰጠኝ በትሕትና ነገረኝ።

ወደ ኮረብታው ወጣሁ። በረኛው ያለ ባልየው ፈቃድ ማንም አይገባም አለኝ። እግሩ ሥር አንድ አሮጌ ውሻ ተጋድሟል። ስሙ መብረቅ ነው፤ ዴልፊና እንደምትለው ከተጋደመበት ሲነሳ ያየው ሰው የለም፤ የመነኮሳቱን ሹክሹክታና ቁልፍ ለምዶ ለደወል እንኳ አይነቃም። እኔ እህቴን ልይ ብዬ ስናገር ግን ጆሮው ቀጥ አለና በአራት እግሩ ቆመ። በረኛውም ሳይወድ ሳቀና ሐኪሙን ጠራልኝ።

ሐኪሙ ክፉ ሰው አይደለም፤ ይህንን እንድታውቂ እፈልጋለሁ። ደክሞታል እንጂ ክፉ አይደለም። ቀኑን ሙሉ መስኮት ላይ ቆማ ከሌሉ ሰዎች ጋር ታወራለች፣ ድምፅ ግን የላትም፣ ስንጠይቃትም እንዲሁ አፏን ታንቀሳቅሳለች አለኝ። ከእኔ ጋር ነው የምታወራው አልኩት። ዓይኑን ከፍ አድርጎ አየኝ። ደንቆሮ እንደሆንኩ፣ ከልጅነቴ እንዲህ እንደምናወራ፣ አንቺም የጠየቁሽን ሁሉ ስትመልሽ እንደከረምሽ፣ የማያነቡት እነሱ እንደሆኑ እያጣደፍኩ ነገርኩት። ሸራው ላይ ጠርታኝ ነው የመጣሁት አልኩት። ያንን ባልል ይሻል ነበር። እስክሪብቶውን አነሳና ከዘራችሁ ሌላ እንዲህ ያለ ሰው አለ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ባስረዳሁ ቁጥር አንቺን እየቀበርኩሽ እንደሆነ ያኔ ገባኝና ዝም አልኩ። ዝም ስል ራራልኝ መሰለኝ።

«ሐሙስ ሁለት ሐኪሞች ከከተማ ይመጣሉ። ስሟን፣ ያለችበትን ቦታና የምትፈልገውን እንጠይቃታለን። በድምፅ ከመለሰች ለእናቷ እንድትሰጥ እፈርማለሁ። ባልየው ቢቃወምም እፈርማለሁ። ካልመለሰች ወደ ትልቁ የእብዶች ቤት ትዛወራለች።»

ትልቁ ቤት ገብቶ የወጣ አለ ወይ ብዬ ጠየቅሁት። ጣቱን እያየ እኔ አላስታውስም አለኝ። ሐሙስ አጠገብሽ ልቁም ብዬ ለመንኩት፤ አንተ ካለህ ወደ አንተ ዞራ ያንን ታደርጋለች ብሎ ከለከለኝ። እውነቱን ነው። ከእኔ ጋር በድምፅ አውርተሽ አታውቂም።

ከዚያ ዴልፊና በልብስ ማጠቢያው በኩል አስገባችኝና መስኮትሽን አሳየችኝ። አየሽኝ። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ ከሁለተኛ ፎቅ፣ በብረት ፍርግርግ መሃል፣ መጀመሪያ ያልሽኝ ጺሙ አያምርብህም ነው። ኑንዚያ፣ ያበደ ሰው እንዲህ አይልም። ሁለተኛ ያልሽኝ ዘገየህ ነው። ሦስተኛ ግን ስለ ሐሙስ ነግሬሽ በድምፅ መልሺላቸው ብዬ ስለምንሽ ራስሽን ነቀነቅሽ።

«አልሰጣቸውም። ድምፄን ሰጥቻቸው ሳቁበት። የቀረኝ ዝምታዬ ነው።»

ከዚያ አንዲት መነኩሴ ከኋላሽ መጥታ መጋረጃውን ሳበችው። የምመልስልሽን ሳልመልስ ቀረሁ። እንግዲህ መልሴ ይኸው፤ ጠረጴዛዬን ልቀቅልኝ፣ የሐኪሙን ሸሚዝ ልተኩስ የምትለዋን ዴልፊናን ትንሽ ታገሺ እያልኩ የምጽፈው መልስ።

ዝምታሽ የአንቺ ብቻ አይደለም። የእኔም ነው። ስድስት ዓመት በምትበልጠኝ እህት ፍቅር የሠራሽልኝ ቤት ነው፤ እኔ ተወልጄ ያደግሁት እዚያ ውስጥ ነው። አሁን በዚያው ቤት ውስጥ ቆልፈውብሽ ሲያዩ ከእኔ በላይ ማንን ያቃጥለዋል? ለእኔ ብለሽ የለመድሽው ነገር ነው አብዳለች ያሰኘሽ። ለእኔ ብለሽ የለመድሽውን ለእኔ ብለሽ ለአንድ ጠዋት ተይው። አንድ ጠዋት ብቻ። ከዚያ በኋላ እስክንሞት ድረስ አንዲት ድምፅ ባታወጪ ግድ የለኝም፤ ማጀት ተቀምጠን ዶን ሳቬሪዮን እናማለን።

ሳቁብኝ ብለሻል። እኔን እዪኝ። ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ አንድም ቀን ሰምቼው በማላውቀው ድምፅ ዳቦ ገዝቻለሁ፣ ከአሠሪ ጋር ተጣልቻለሁ፣ አንዲት ልጅ አግቢኝ ብዬ ለምኜ ጣሪያ እስኪደርስ ስቃብኛለች። አልሞትኩም። ሰው አፉን ሸፍኖ ይስቃል፤ እኔ ዳቦዬን ይዤ እወጣለሁ። በዚህ ድምፅ ነው ባልሽ ፊት የቆምኩት፣ በዚህ ድምፅ ነው የማይነሳውን ውሻ ያስነሳሁት። ከቤታችን ሁለት ሰው አንዱ እንኳ ደህና ድምፅ ተሰጥቶታል፤ እሱም አንቺ ነሽ፤ መዳፌ ምስክሬ ነው። እናታችን ደግሞ ባትሪ በእጁ በያዘ ሰውና በአዳራሽ ሙሉ ሕዝብ ፊት ይህ የልጄ ድምፅ አይደለም ብላለች። የልጄ ድምፅ የሚባል ነገር አለ ማለት ነው፤ እስኪመጣላት በመስኮት በኩል ተቀምጣ እየጠበቀች ነው። ዶን ሳቬሪዮ መጥቶ ይቅርታ ቢጠይቃትም ገንዘቤን ሳይሆን ልጄን መልስልኝ ብላ አባረረችው። ሌላው ቢቀር ለእሷ ስትይ።

ሐኪሞቹ ሲጠይቁሽ ዲያና ሞንታልቶ አትበያቸው። ያቺ ባልሽ ዘንድ ነው ያለችው፤ የሱ ትሁን። የቶሬዋ ኑንዚያታ ነኝ በያቸው። ያለሁት ሰው በማይሰማኝ ቤት ነው በያቸው። የምፈልገው እናቴን ነው በያቸው። እንደ ሮም ወይዘሮ አሳምረሽ እንዳትናገሪ፤ ያንን ሲሰሙ ትወና ነው ይላሉ። እንደ ቶሬ ዓሣ ሻጭ፣ ሙሉ አፍሽን ከፍተሽ፣ ጀልባ ላይ ያለ ሰው እንደሚጠራ ተናገሪ። አፍሽ ይጣመም። ለመጀመሪያ ጊዜ ባላነብሽም ግድ የለም።

ዴልፊና እንደነገረችኝ ሐኪሞቹ የሚቀመጡት ከበሩ አጠገብ ባለው የምድር ቤት ክፍል ነው፤ በዚህ ሙቀት መስኮቱ አይዘጋም። እኔ ከጠዋት ጀምሮ ከብረቱ በር ውጭ እቆማለሁ፤ ልክ እንደ ድሮው ቅዳሜ፣ ዳቦና ሰርዲን ይዤ። ጺሜንም ተላጭቼ። አንቺን አላይሽም፣ ድምፅሽንም አልሰማውም። ግን ከእግሬ ሥር፣ ፍርግርጉ ወዲያ፣ ያ ደወል የማያስነሳው ውሻ ተጋድሞ ይኖራል። ዓይኔን ከእሱ ላይ አላነሳም። ጆሮው ቀጥ ሲል ሰማሁሽ ማለት ነው።

ከበሩ ውጭ ቆሞ የሚጠብቅሽ፣
ወንድምሽ ካታልዶ